የማቱራን ሴት ልጅ

ሙሴ ዜፊራን ሐሙስ ጠዋት በቄሱ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው የተመታበት የምድጃ መቆስቆሻ እግራቸው ሥር ወድቋል። የመንደራችንን ዘር ከመጀመሪያው ሰፋሪ ጀምሮ ቆጥረው የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። የእኔንም ነግረውኛል፤ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።

መርማሪ ኡልድሪክ አፍንጫውን እየጠረገ ከከተማ መጣ። ሟቹ ፊት የ1703 የሙታን መዝገብ ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ አንድ ያልተሰፋ የወረቀት ቅጠል ገብቶበታል። «ማዳም ፒየር ብሪዜት፣ የማቱራን ጋርሶ ልጅ፣ ዛሬ ተቀበረች» ይላል። መርማሪው ሁለቴ አነበበው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ካለ የጋብቻ መዝገብ ብቅ ያለች፣ ለገጽ ምልክት የገባች የዝይ ላባ አየ።

ማዳም ክሌማንስ ሲሞቱ የወንዝ ዳሩን ቤት ለመጀመሪያው ሰፋሪ ለማቱራን ዘር ተናዝዘው ነበር። ዘሩ እስከ እሑድ ካልተገኘ ይሸጣል። በዚያ ጠዋት ወደ ሽማግሌው የገቡት ሦስት ሰዎች ሁሉም የፒየር ብሪዜት ዘሮች፣ የአጎት ልጆች ናቸው። ፒየር የማቱራንን ልጅ ማግባቱን ግን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። እኛ መንደር ድንጋይ ቢወረወር የሚያርፈው ብሪዜት ላይ ነው።

መጀመሪያ የቄሱ ቤት ሠራተኛ ኢርማ ቀረበች።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አልክድም። ግን የምገድላቸው ቢሆን ወለሉን ሳላጥብ እገድላቸው ነበር!»

«ለመሆኑ ሴቷ ቅድመ አያትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«አንጄሊክ ትሮቲዬ፣ የሉዊ ብሪዜት ሚስት። ምነው፣ ሊያጯት ነው?»

ቀጥሎ የቀረበው ጌታን ዓይኑ ቀልቷል። በወንዝ ዳሩ ቤት ከአራት ልጆቹ ጋር በኪራይ የሚኖረው እሱ ነው፤ መንደሩም ከወዲሁ ፈርዶበታል።

«ረቡዕ ተጣልተናል፣ አዎ። ቤቱ ቢሸጥ ልጆቼን የት ልጣላቸው?»

«ቅድመ አያትህስ?»

«አንጄሊክ ትሮቲዬ። ሽማግሌው ጆሮዬን እየጎተቱ ነው ያስጠኑኝ።»

ባለ ሱቁ ኦዲሎን ስለ ቅድመ አያቱ ሲጠየቅ ኮፍያውን አላወለቀም። «ማዳም ሉዊ ብሪዜት ነዋ! ሌላ ምን ልትባል ኖሯል?»

ቅዳሜ ሦስቱም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ፖሊሱ እጀ ሰንሰለቱን ይዞ ከጌታን ጀርባ ቆመ።

«ከእሱ ራቅ» አለው ኡልድሪክ። «ይህ ቅጠል ሐሰተኛ ነው። የድሮ ቄሶች ሴትን በባሏ ስም መዝግበው አያውቁም። ስትጠመቅም፣ ስታገባም፣ ስትቀበርም በአባቷ ስም ነው። «ማዳም» ብሎ በባል ስም መጥራት የእኛ ዘመን ልማድ ነው። ይህን ኢርማ ታውቃለች፤ መዝገቡን ሃያ ዓመት ገልብጣዋለች። ጌታን በጆሮው ተምሮታል። ሦስታችሁንም ስለ አንዲት ሴት ጠየቅኋችሁ። በባሏ ስም የጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኢርማ ቀስ ብላ ወደ ኦዲሎን ዞረች። «አንተ?»

«የበረዶውን ወራት ሁሉ በመዝገቡ ስፈልግ ከረምኩ!» ሲል ጮኸ። «ማዳም ብሪዜት የሚል የትም የለም! ቅጠሉን ሳሳየው ሽማግሌው ሳቀብኝ። እስኪያንቀው ሳቀ!»

«ለምን እንደሳቁ ላሳይህ።»

መርማሪው የጋብቻ መዝገቡን አውርዶ ላባዋ ያለችበትን ገጽ ገለጠ። አን ጋርሶ፣ የማቱራን ጋርሶ ልጅ፣ ፒየር ብሪዜትን አገባች።

«እሑድ ሊያነቡላችሁ አዘጋጅተውት ነበር» አለ ኡልድሪክ። «ቤቱ የሁላችሁም የብሪዜቶች ነበር። ሐሰት አያስፈልግህም ነበር።»

ጌታን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሱ ሰንሰለቱን ወደ ኦዲሎን ይዞ ሄደ። ኦዲሎን ግን አላየውም፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ በደበዘዘው ቀለም ላይ ጣቱን አሳርፎ ጎንበስ ብሏል።

«አን» አለ፤ የጥንት አያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት።