ከአልቦ በታች

ታኅሣሥ ሃያ ቀን ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በስተምሥራቅ ባለች አንዲት ደብር የነበረው ነገር ይህ ነው፤ ምንጩ ይፈልቃል፤ ከእርሱ ስልሳ ክንድ ርቆ የተቆፈረው የጥምቀት ገንዳ ደርቋል፤ በመካከላቸው ቦይ የለም። ታቦቱ እስከዚያ ዘመን ወደ ጎረቤት ደብር ውሃ ይወርድ ነበር፤ አገሩ ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ግን በገዛ ደብሩ ውሃ እንዲያድር መሪጌታ ወልደኢየሱስ ለሕዝቡ ቃል ገብተዋል።

መሪጌታው የበዓላትና የአጽዋማት ማስያ የሆነውን ባሕረ ሐሳብ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ዕለትን በስልሳ ከፍለው ሽርፍራፊውን በቃላቸው ይደምራሉ። በኅዳር ወር ከደጀ ሰላሙ የደፍ ድንጋይ ተነሥተው፣ ውሃ በሞላ የላስቲክ ቱቦ ሁለቱን ቦታ ለክተው ነበር፤ ደብተራቸውም «ምንጩ ሁለት ሦስተኛ ክንድ፣ የገንዳው አፍ ሦስት አራተኛ ክንድ» ይላል። ታኅሣሥ ሃያ ጧት ደብተሩን ገልጠው ሲያሰሉ ፊታቸው ጠቆረ።

«ገንዳው ከምንጩ በአንድ ዐሥራ ሁለተኛ ክንድ ይበልጣል፤ ሽቅብ ነው። ቆፋሪዎቹ ይመለሱ።»

«ምነው የኔታ፣ ውሃውን ዜማ አስተምረው ሽቅብ ይላኩት እንጂ!» አሉ የቆፋሪዎቹ አለቃ አያ ውዱ፣ ዶማቸውን ተደግፈው። ሰው ሳቀ፤ መሪጌታው አልሳቁም።

በከተማው ሒሳብ የምታስተምረው የመሪጌታው እኅት ልጅ ፀደይ ደብተሩን ተቀብላ አየችው።

«የኔታ፣ የለኩት ከድንጋዩ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች ነዋ! ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው።»

«በባሕረ ሐሳብ ከአልቦ፣ ከዜሮ ላይ ማለት ነው፣ አንድ መቀነስ ሲመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«የዙሩን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አበድሬ ዐሥራ ስምንት አደርገዋለሁ። ከአልቦ በታች ምን አለና?»

«ለመሬቱስ ማን ያበድረዋል?» አለች ፈገግ ብላ። «ድንጋዩ አልቦ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ጉድለት ነው። ጉድለቱ ሲበዛ ቦታው ይወርዳል። የምንጩ ጉድለት ስምንት ዐሥራ ሁለተኛ፣ የገንዳው ዘጠኝ። ከምንጩ ላይ የገንዳውን ሲቀንሱ ምን ይተርፋል?»

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጉድለትን መቀነስ መጨመር መሆኑ ገባቸው። «ትርፍ፣ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ... ክንዱ ሃያ አራት ጣት ነውና፣ ምንጩ በሁለት ጣት ይበልጣል!» ብለው በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ከአልቦ ዳር እየደረሱ በብድር ሲመለሱ ኖረዋል፤ ከዚያ ዳር በታች ግን ሲሶውም ሩቡም እንደ ላይኛው ተሰልፎ ቆይቷል፤ እዚያ የበዛው የሚያንስ ሆኖ።

«ዕፁብ ነው» አሉ በዝግታ፤ «ከምንም በታችም ሥርዓት አለ! አያ ውዱ፣ ይቆፈር።»

«ሸጋ!» አሉ አያ ውዱ።

ውሃው ለከተራ ደረሰ፤ ታቦቱም በገዛ ደብሩ ውሃ አደረ። የደብሩ መዝገብ የቆፋሪዎቹን ቁጥር ሃያ ሦስት ብሎ ጽፏል፤ ስለ ስሌቱ አንድም ቃል የለውም። ቦዩ ዛሬም ከምንጩ እስከ ገንዳው በስልሳ ክንድ ሁለት ጣት ይዘቀዝቃል።