የተዘለለው ሐምሌ

የሕንዶች ሰፈር በሆነችው ቻትስዎርዝ ውስጥ፣ በእኛ መንገድ፣ የሐምሌ መግባት የሚታወቀው በጎረቤቴ በሳቲ መኪና ነበር። አሮጌዋ መኪና ከጓሮ ወጥታ በር ላይ ትቆማለች፤ ጣሪያዋ ላይ ፍራሽ ይታሰራል፤ ሚስቱ ሳሮጃ ትልቁን የብሪያኒ ሩዝ ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከኋላ ታስቀምጣለች። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ "እነ ሳቲ ሙንሳሚ ወደ ባሕር ሊወርዱ ነው" ይላል። ብርዱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርድ መሆኑ ይቀር ነበር... ያ ጊዜ የት ሄደ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳቲ ከጫማ ፋብሪካ ጡረታ ሲወጣ ባሕሩ ዳር ማርጌት አጠገብ ካለ አንድ የእረፍት ማኅበር በዓመት የአንድ ሳምንት ማረፊያ ድርሻ ገዛ። ድርሻ ያለው ሰው በየዓመቱ ነጥብ ይሰጠዋል። የአንድ ዓመት ነጥብ ሐምሌ ላይ ስቱዲዮ ያስይዛል፤ ስቱዲዮ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የሚዘረጋ ሶፋና ጥግ ላይ አንዲት ምድጃ ነው። ባለ ብዙ ክፍሉን ቪላ የፈለገ ግን የሁለት ዓመት ነጥብ ማጠራቀም አለበት። ስለዚህ ቪላ ለመግባት አንዱን ሐምሌ ቤት መቅረት ግድ ነው።

ስቱዲዮው ለአራት ሰው ነው ይላሉ። እነሱ አጎትና አክስት ጨምረው ዘጠኝ ሆነው ይገቡበት ነበር። ጠባቂው ሊቆጥር ሲመጣ ልጆቹ መታጠቢያ ቤት ይታጨቃሉ፤ ሳሮጃም ለጠባቂው ሳምቡሳ ሰጥታ በወሬ ትሸኘዋለች። ሰርዲን የሚባለው ትንሽ ዓሣ በመንጋ ወደ ዳር በወጣ ቀን ደግሞ ጫማዋን ወርውራ ውሃው ውስጥ ትገባና ዓሣውን በቀሚሷ ትዝቀዋለች። ያ ዳርቻ ለነጮች ብቻ በነበረበት ዘመን ከአጥር ውጭ ቆማ ያየችው ባሕር ነበርና፣ ስትስቅ ለሁለት ዘመን ያህል ትስቅ ነበር። እኔም አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄጃለሁ። እንቅልፍ ብሎ ነገር አልነበረም፤ አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው ይስቃል፣ ሳቲ ዝም በሉ እያለ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

ክፉ ቀን ግን አድራሻ ጠይቆ አይመጣም። የሳቲ ልጅ ሎጋን ጆሃንስበርግ ሥራ አገኘና እዚያው አገባ። በሠርጉ ቀን እህቱ ዴቫጊ የሙሽራዋን ወገኖች ምግብ "የሆስፒታል ምግብ" ብላ ስታማ ሎጋን ሰማት። በአንዲት የአፍ ወለምታ ወንድምና እህት አራት ዓመት ተኮራረፉ! እሱ በዲዋሊ በዓል እንኳ የእናቱን ደጅ አልረገጠም። ሳሮጃም ከዚያ ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ቀራት፤ ሁለቱ ልጆቿ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ማየት።

በዚህ ላይ ሆዷን ያማት ጀመር። ዴቫጊ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ የመጪውን ዲዋሊ እንደማታይ ነገራቸው። ሳሮጃ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ልጇን አስማለቻት፤ አባትሽ እንዳይሰማ አለቻት።

ሳቲ ምንም አላወቀም። ለሐምሌ ስቱዲዮ ወይ ቪላ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ ለልጁ ደወለ።

"አባባ፣ እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወለል ላይ አልተኛም" አለ ሎጋን። "ደግሞስ ከማን ጎን? ቪላ ከሆነ እመጣለሁ። በር ያለው ክፍል ስጡኝ።"

"ከእህትህ ጋር ማዕድ ትቀርባለህ?"

"ቪላ ከሆነ እቀርባለሁ።"

ሳቲ ስልኩን ዘግቶ እንደ ልጅ ወደ ኩሽና ሮጠ። ሳሮጃ ሰምታ ምድጃውን አጠፋች።

"የዴቫጊ አባት፣ ለዘንድሮ ስቱዲዮዋን ያዛት። የመጣው ይምጣ።"

"ሳሮ፣ አንድ ዓመት እኮ ነው። አንድ ዓመት ምን አላት? ልጆችሽን ሁለቱንም አመጣልሻለሁ።"

ፊቱን አየችው። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም። ምን ትበለው? እኔ ነገ የለኝም ትበለው?

"እሺ፣ ቪላው ይሁን" አለች።

ዴቫጊ ጓዳ ገብታ እጇን ያዘቻት። "እማ፣ ንገሪው እንጂ።"

"ተይው። አንዲት ደስታ ካገኘ ስንት ዘመኑ? ሐኪምም ይሳሳታል።"

ሐኪሙ አልተሳሳተም። ሐምሌ ሊገባ ሲል ሳሮጃ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ሳቲ ያን ቀን ሁሉንም ሰማ። ከሆስፒታሉ ወጥቶ መኪናውን እያከነፈ ማርጌት ሄደ፤ ምርጫውን ሊቀይር።

"አንክል፣ ነጥብዎ እኮ ወደ መጪው ዓመት ተሻግሯል" አለችው የማኅበሩ ቢሮ ልጅ። "ስቱዲዮዎቹም ተይዘዋል።"

"ልጄ፣ ትልቁን አልፈልግም። ትንሿን ስጪኝ። ለአንድ ሌሊት።"

"ቢኖረኝ እምቢ የምልዎት ይመስልዎታል? ባዶ ክፍል የለም፣ አንክል።"

እሷም አለቀሰች። እንባ ግን ቁልፍ አይሆንም። ሳቲ መኪናው ውስጥ ገብቶ ለሎጋን ደወለ። "ቪላውን ተወው። እናትህ ልትሄድብን ነው፤ ና" አለው። ሎጋን ያን ረጅም መንገድ ሳይቆም ነዳ... ምን ያደርጋል? እሱ ሲደርስ ሳሮጃ አርፋለች። በዚያው ጠዋት ሰርዲኑ ወደ ዳር ወጥቶ ሰው ሁሉ በባልዲ ይቀዳ ነበር።

እንደ ወጉ የሳሎኑ ዕቃ ወጥቶ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ለሟች የምትበራው መብራትም ሌሊቱን እንዳትጠፋ ጥግ ላይ ተለኮሰች። በሐዘን ቤት አልጋ ነውር ነው፤ የመጣ ሁሉ መሬት ይተኛል። ሎጋን ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ሲንቀጠቀጥ ዴቫጊ አየችው።

"ብርድ ልብስ የለህም?"

"የለኝም።"

"ና፣ የኔ ይበቃናል።"

ከአራት ዓመት በኋላ ያወሩት ይህን ነው። ከዚያ ሁለቱም ብርድ ልብሱን ተከናንበው አለቀሱ። ሳቲ ከግድግዳው ተደግፎ ልጆቹን እያየ "ሳሮ፣ ይኸው" አለ። ይኸውልሽ የሚላት ግን የት አለች?

በዓመቱ ቪላው ደረሰ። ሁሉም ሄዱ። ሎጋን በር ያለው ክፍል አገኘ፤ ዴቫጊ ለሚስቱ ሻይ አፈላች። ሳቲ ባሕር የሚያይ ሰፊ መኝታ ቤት ተሰጠው፤ ቤቱ ግን ጭር አለበት። "ጥሩ ቤት ነው" አለኝ ሲመለስ። "ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ፈለግኳት።"

ሊወጡ ሲሉ ያቺው የቢሮ ልጅ መጣች።

"ለሚቀጥለውስ? ቪላ ከሆነ መጪውን ሐምሌ ትዘላላችሁ።"

ሳቲ ወደ ልጆቹ ዞረ። ሎጋን ነው የተናገረው።

"ስቱዲዮ ስጪን።"

"ስቱዲዮ እኮ ለአራት ሰው ነው። እናንተ ስንት ናችሁ?"

"እሱን ተይው፣ እህቴ። ሐምሌ አይዘለልብን እንጂ።"

ወይ የሰው ልጅ! ሰፊ ቤት ለነገ ሲያጠራቅም የዛሬዋ ጠባብ ክፍል ከእጁ ትወጣለች። ሳቲ አሁንም ጎረቤቴ ነው። ዘንድሮ ፍራሹን መኪናው ጣሪያ ላይ ስናስር ገመዱን ለእኔ ሰጠኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ሎጋንና ዴቫጊ በብሪያኒው ሥጋ ብዛት ሲጨቃጨቁ ከኩሽና ይሰማ ነበር፤ እሱም "ቶሎ እንውጣ እንጂ" ብሎ አላቋረጣቸውም።