ያልተቀመሰ ማር

«ማሩ የየት ነው?»

«የማንኪራ። የቢታው ዘንድሮ አልደረሰም።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ዮናታን ባልዲውን ከአብርሆት ሊቀበል እጁን ዘረጋ። የቦንጋ ገበያ ግፊያው ለጉድ ነው፤ ማንም ልብ አላላቸውም።

አብርሆት የእውነት ስሟ አይደለም። ገበያው ማር ነጋዴ ናት ይላል፤ የላካት ማኅበር «ዋርካ» ይላታል። ማኅበሩ ዘመኑን ሙሉ በባሕር ዳርቻ ቆሻሻ ሲለቅም ኖሯል። እሱ በለቀመ ቁጥር ባሕሩ ሌላ ይተፋል። በመጨረሻ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብሎ ሰዎቹን በየወንዙ ሽቅብ ሰደደ። ለእሷ የደረሳት ከቢታ ገነት ማዶ ወደ ባሮ የሚወርደው ወንዝ ነው። እዚያ ኤርምያስ የሚባል ነጋዴ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት በበርሜል እያመጣ ወንዙ ዳር ይቀብራል። ማስረጃው የወንዙ ውሃ ነው። በትንሽ ጠርሙስ፣ ከማሩ ሥር ተደብቋል፤ ተቀብሎ ለማኅበሩ የሚያደርሰው ዮናታን ነው።

ውሃውን የቀዱላት ንብ አናቢው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ቤታቸው አስጠግተዋታል። ልጄ ነው የሚሏት።

ማንኪያ ማር ጨልፋ ዘረጋችለት።

«ቅመሳ! ሳይቀምስ የሚገዛ አለ? ሰው ያየናል።»

ዮናታን አፈገፈገ።

«ይቅርብኝ። የዚያ ወንዝ ማር መርዝ ነው አሉ።»

ማንኪያውን መለሰች።

ማሩ የምር የማንኪራ ነው፣ ንጹሕ። ለማኅበሩ የነገረችው ደግሞ ስለ ውሃው ብቻ ነው። የቢታ ንቦች ከወንዙ ጠጥተው ማሩ መበላሸቱን ከእሷና ከጋሽ ተሰማ ሌላ የሚያውቅ ኤርምያስ ብቻ ነው፤ የእሱ ዘበኛ ቀምሶ ታሞበታል።

ዮናታን ለኤርምያስ ሸጧታል።

የዮናታን ዓይን ወደ ኋላዋ ሄደ። ጎረምሶች ሰው እየገፉ ይመጣሉ።

«ሌባ! ኧረ ሌባ ያዙልኝ!» ብላ ወደ ዮናታን ጠቆመች።

ገበያው ዮናታን ላይ ተነሳ። ጎረምሶቹ በሰው ተዋጡ። እሷ ባልዲዋን አንጠልጥላ በባጃጅ፣ ከዚያ በጅማ ሚኒባስ ወጣች። ጠርሙሱ ላቦራቶሪ ገባ።

በርሜሎቹ ተቆፍረው ወጡ። ኤርምያስም ዮናታንም ታሰሩ። ማኅበሩ መርዝን ባሕር ሳይደርስ ከምንጩ ሲያቆም ይህ የመጀመሪያው ነው። አሁን በየወንዙ ንብ አናቢዎችን ጠባቂ አድርጎ ሊያደራጅ ነው።

ምን ያደርጋል! ዮናታን ውሃውን ማን እንደቀዳም ለኤርምያስ ተናግሮ ነበር። የገበያው ዕለት የኤርምያስ ሰዎች የጋሽ ተሰማ ቀፎዎች የተሰቀሉበትን ዛፍ ሊቆርጡ ሄዱ። ሽማግሌው ግንዱን አቅፈው አልለቅም አሉ።

በዱላ ገደሏቸው።

በማግስቱ የማኅበሩ ትእዛዝ በስልክ መጣ።

«ዋርካ፣ ከአካባቢው ውጪ። ለቅሶ እንዳትደርሺ።»

«አባቴ እኮ ናቸው!»

«የኤርምያስ ሰዎች ለቅሶው ላይ ይጠብቁሻል። ከተያዝሽ በሌላው ወንዝ ያሉት ጓዶችሽም ያልቃሉ። ውጪ።»

እሷ ግን አንጀቷ አልቆርጥ አለ። ከቢታ ገነት ባጃጅ ያዘች። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ቀስ አለ። ሴቶቹ ደረት ይመታሉ። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለ ሾፌሩ። «ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?»

«አላውቃቸውም። ማር ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ነፍስ ይማር።»

ነፍስ ይማር ለማያውቁት ሰውም ይባላል። እሷ ግን ያንን እንኳ ሳትል ባጃጁ አለፈ።