ከዳቦው ጋር የሚሄድ ጓድ

«የጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴው ትናንት ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣» አለች ደብሪቱ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ ወረቀቱን በእጅ ባትሪ እያበራች፣ «በአጀንዳ ተራ ቁጥር አንድ የዳቦውን ጉዳይ በጥልቀት መርምሮ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። አዋሳ ፒያሳ ላይ የነሐሴ ካፊያ ይወርዳል፤ ከሐይቁ የመጣው ጉም የሱቆቹን በር ሸፍኖታል። ሃያ ሁለት የቀበሌው ወጣቶች አውቶቡሱ ውስጥ ተጠጋግተው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ የዳቦውን ዕጣ ፈንታ አዳመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ እስከ ሞጆ ያደርሳቸዋል። ከሞጆ እስከ ናዝሬት በባቡር ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ደግሞ ዳቦውንና የሻዩን ጀሪካን ይዞ በመኪና መንገድ ናዝሬት ይጠብቃቸዋል፤ ማታ ወደ አዋሳ የሚመልሳቸውም እሱ ነው። ዳቦ ግን ብቻውን መሄድ የለበትም። ስለዚህ «ንቃቱ ከፍ ያለ አንድ ጓድ» አብሮት እንዲሄድ ተወሰነ። ኮሚቴው ለፍትሕ ሲል፣ ይህ ጓድ ከዚህ ቀደም ባቡር ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው እንዲሆን አደረገ። በቀበሌው ወጣቶች መካከል እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«ጓድ ማቴዎስ፣ ተቃውሞ አለህ?»

ማቴዎስ ከታምሩ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ትከሻውን ነቀነቀ። «የምን ተቃውሞ? እኔ ባቡር ጠግቤያለሁ። ያላዩት ይዩ።»

ተጨበጨበ። ታምሩም አጨበጨበ፤ እጁ ግን ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የጀመረው። ማቴዎስ ባቡር ተሳፍሮ እንደማያውቅ ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስድስተኛ ክፍልን በጨረሱበት ክረምት፣ የማቴዎስ አጎት ድሬዳዋ ሊወስደው ቃል ገብቶለት ነበር። መስከረም ላይ ማቴዎስ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጉዞውን ተረከ። ሊቶሪና ስለሚባለው ፈጣን ባቡር፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ስለሚሽከረከረው መቀመጫ፣ ነጭ ጓንት ስላጠለቀው ትኬት ቆራጭ፣ ከባቡሩ ጋር እሽቅድምድም ስለገጠመው ግመል ተናገረ። መጀመሪያ ግመሉ አንድ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ግመሎቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል። አምሳሉ የሚባለው ልጅ አንዴ «ቀደዳ ነው» ብሎ ሞክሮ ነበር፤ ግን እሱ ራሱ ከሻሸመኔ አልፎ አያውቅምና «ፋራ!» ተብሎ ተቀመጠ።

ያን ክረምት የታምሩ እናት ወይዘሮ ከበቡሽ ታምሩን ጎመን እንዲገዛ ከአዋሳ ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ ልከውት ነበር። አንድ ጓሮ ጥግ ማቴዎስን አየው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ጎመን በጆንያ ተሸክሞ ለአክስቱ ያመላልሳል። አጎቱ አልመጣም። ተያዩ። ታምሩ ጎመኑን ከሌላ ሰው ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግመሎቹ ሲወራ፣ ታምሩ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያሥራል።

ይህ ጉዞ ለታምሩ ቀልድ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ፣ ዝናብ ሳይል፣ ቱላ ድረስ በእግሩ እየተመላለሰ መሠረተ ትምህርት አስተምሯል፤ ጉዞው የዚያ ሽልማት ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ወይዘሮ ዘነበች፣ በስድሳ ዓመታቸው «ባ» የሚለውን ፊደል ከባቡር ሥዕል ጋር የተማሩ ሰው፣ እርሳሱን አስቀምጠው ጠይቀውት ነበር። «ይሄ ባቡር የሚባለው ነገር ከእኔ ቤት ይረዝማል ወይ?» ታምሩ «አዎ፣ በጣም» ብሎ መለሰላቸው። በዕድሜው ሙሉ ባቡር ያየው እዚያው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ቁመቱም የአውራ ጣት ያህል ነበር።

ሻሸመኔን አልፈው ዝዋይ እስኪደርሱ ማቴዎስ ለአውቶቡሱ ትምህርት ሰጠ። ራስን በመስኮት ማውጣት ክልክል ነው። ባቡሩ ሲነሳ መቆም አይገባም። ከፊቱ የተቀመጠችው ወንጌላዊት ወደ ኋላ ዞራ፣ የሚሽከረከረው ወንበር ያዞር እንደሆነ ጠየቀችው። ለጀማሪ ትንሽ ያዞራል አላት። ታምሩ መስኮቱን ሲያይ ቆየ። መቂ ላይ አውቶቡሱ ለጎማ ሲቆምና ሁሉም ሲወርድ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን አትነግራትም?» አለ ታምሩ።

«ለማን? ምኑን?»

«ለደብሪቱ። ቱላን።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ቃሉ በመካከላቸው ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። የማቴዎስ ጆሮ ቀላ።

«ቱላ ደግሞ ምን አለ?» አለ። «አቦ ተወኝ።»

ሞጆ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ባቡሩ ግን የቀበሌያቸውን ፕሮግራም ያየ አይመስልም፤ እስከ ስድስት ሰዓት አልመጣም። ጣቢያው ውስጥ ደብሪቱ ትኬቶቹን እያስፈረመች አደለች። ትንሽ፣ ጠንካራ ካርቶን ነገር ነው። ታምሩ የሱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና በየደቂቃው በጣቱ ነካው። ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ አውቶቡሱን ከጣቢያው አጥር ውጭ አቁመው ጥሩምባ ይነፋሉ። ዳቦው ተጭኗል፤ ጠባቂው ግን አልገባም። በኮሚቴው ውሳኔ አውቶቡሱ ከባቡሩ ጋር እኩል መነሳት አለበት።

መጀመሪያ ሐዲዱ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ከአካባቢው ሁሉ ሰው፣ ዶሮና ጆንያ ፈለቀ። ባቡሩ እየጮኸ፣ ጭሱን እየተፋ ገባ። ልጆቹ ጮኹ፤ ወንጌላዊት በድንጋጤ ደብሪቱ ላይ ተለጠፈች። ሁሉም የሚያየው ባቡሩን ስለነበረ ማቴዎስን ያየው የለም፤ ከታምሩ በቀር። ማቴዎስ መጀመሪያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ቀረበና ጎንበስ አለ። የብረት መንኮራኩሮቹን ከሥር፣ አንድ በአንድ ተመለከታቸው። አፉ ተከፍቷል። ባቡር የጠገበ ሰው እንደዚያ አያይም።

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ማቴዎስ ቀና አለና፣ ማንም አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ወደ አጥሩ በር መሄድ ጀመረ።

ታምሩ ትኬቱን ነካ። ደብሪቱን ጠርቶ እውነቱን ሊነግራት ይችላል። ያኔ ግን አሥራ ሁለቱ ግመሎች በሃያ ሰው ፊት አንድ በአንድ ይታረዳሉ። ዳቦው ደግሞ ያለ ጠባቂ ሊቀር ነው፤ አዲስ ጠባቂ ለመምረጥ ስብሰባ ያስፈልጋል። ባቡሩ የሚቆመው ሰባት ደቂቃ ነው። በሰባት ደቂቃ ምልዓተ ጉባኤ እንኳ ተሟልቶ አያውቅም። ዝም ማለትም ይችላል። ዝም ማለት በጣም ቀላል ነበር፤ ሦስት ዓመት ተለማምዶታል። ፉርጎው በር ላይ ደረሰ። አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነበር። ብረቱ ሞቃት ነው፤ በጫማው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል።

ወረደና ሮጠ። ማቴዎስን አጥሩ በር ላይ ደረሰበት፤ ትኬቱን እጁ ላይ ጣለለት።

«ባቡሩ ላይ ውጣ።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ዳቦውን እኔ እጠብቃለሁ። ውጣ ስልህ። ሊሄድ ነው።»

ማቴዎስ ትኬቱን አየ። «ምን እላቸዋለሁ?»

ታምሩም አላሰበበትም። «እኔ ምናገባኝ?» አለና በብስጭት ገፋው። ማቴዎስ እየዞረ እያየው ሄደ፤ ከዚያ ሮጠ።

አውቶቡሱ ባዶውን ይንገጫገጫል። ጋሽ ተፈራ በመስታወቱ አዩት። «አንተ ደግሞ ባቡር ስንቴ ተሳፍረሃል?» አሉት።

«አንድም ቀን፣ ጋሼ።»

ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ከጆንያው አንድ ዳቦ አወጡ፤ ገምጠው «ጠባቂው አይከለክለኝም መቼም» አሉ። ጠባቂው አልከለከላቸውም። መንገዱ ከሐዲዱ ጋር የተጠጋጋበት ቦታ ላይ ባቡሩ ከጎን ብቅ አለ። ታምሩ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ረጅም ነበር። ከወይዘሮ ዘነበች ቤትም ከጎረቤታቸውም ተደምሮ ይረዝማል። በአንዱ መስኮት አንድ ልጅ እስከ ደረቱ ወጥቶ፣ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ ይታያል። ጧት ራስን ማውጣት ክልክል ነው ያለው ልጅ ነው። ታምሩ የተሰማው ንዴት ይሁን ሌላ ነገር ሊለየው አልቻለም። ባቡሩ ወደ ግራ ታጠፈና ጠፋ።

ናዝሬት ላይ ልጆቹ እያወሩ፣ አንዱ ያንዱን አፍ እየዘጋ ወረዱ። ወንጌላዊት ቀጥ ብላ ወደ ታምሩ መጣች። ወንበሩ እንጨት ነው፣ አይዞርም አለችው። ማቴዎስን ስለ ግመሎቹ ሲጠይቁት «አላውቅም» ብሏቸዋል፤ እስከ ናዝሬት ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እሷ አሞት መስሏት ነበር።

ዳቦው ሲታደል አንድ ጎደለ። ጋሽ ተፈራ በዚያ ሰዓት ሻይ ቤት ነበሩ። አምሳሉ ጊዜ አላጠፋም። «ለአንድ ዳቦ ብሎ ባቡር የለቀቀ ጀግና!» አለ፤ ሳቁበት። ታምሩ ሻይ ቤቱን አየ፤ የራሱን ዳቦ ለጎደለበት ልጅ ሰጠና ውሃ ጠጣ። ማቴዎስ ከሁሉም ርቆ ተቀምጦ የሱን ዳቦ በእጁ ያገላብጣል። እስከ አዋሳ ሁለቱ አልተነጋገሩም። በማግሥቱም አልተነጋገሩም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጉዞው ግምገማ በቀበሌው አዳራሽ ተደረገ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ደብሪቱ እየጮኸች ነው የምትመራው። አጀንዳ አንድ፣ የባቡሩ መዘግየት፤ በጽኑ ተወገዘ። አጀንዳ ሁለት፣ የጀሪካኑ ክዳን መጥፋት፤ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ተሰየመ። አጀንዳ ሦስት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳች። ጓድ ታምሩ የኮሚቴውን ውሳኔ ሽሮ ከዳቦው ጋር የሄደበትን ምክንያት ለጉባኤው እንዲያስረዳ ጠየቀች። ካላስረዳ ለጥር ወሩ ጉዞ ስሙ እንደማይመዘገብም አስታወቀች። የጥር ወሩ ጉዞ ደግሞ እስከ ድሬዳዋ ነው ተብሏል።

ከኋላ ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። የማቴዎስ ነበር። ሳይጠየቅ የሚናገር ልጅ ስለሆነ እጁን ሲያወጣ ያየው አልነበረም፤ ጥቂቶች ዞረው ተመለከቱት። ፊቱ የአመድ ቀለም ይዟል።

«ጓድ ማቴዎስ፣ ተራህን ጠብቅ» አለች ደብሪቱ። «መጀመሪያ እሱ።»

ታምሩ ተነሣ። ከጎኑ አምሳሉ «ዳቦ» ብሎ አንሾካሾከ። የማቴዎስ እጅ አልወረደም።

«አላስረዳም» አለ ታምሩ።

«ምን ማለት ነው? ምክንያት የለህም?»

«አለኝ።»

«እሺ፣ ተናገራ።»

«አልናገርም» አለና ተቀመጠ።