ነጩ ክብ

ሊቫ የድስቱን ክዳን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍታ አየች። የተፈቀፈቀው ሳሙና አልሟሟ ብሏታል። እናቷ ከሥራ ልትመለስ ግማሽ ሰዓት ነው የቀራት፤ እግሮቿ አንድ ቦታ አልቆም አሏት። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች።

መዘዙ የመጣው ትናንት ነው። ስልኳን እያየች የቀይ ስር ጠርሙስ ስትከፍት ጭማቂው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የእነሱ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ነክቶት አያውቅም፤ እናቷ በየጊዜው በሳሙና ውሃ እያሸች ነው ያቆየችው። «ማነው ይህን ያደረገ?» ብላ ስትቆጣ ሊቫ ሳታስበው «ኤስኪል» አለች። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። ቅዳሜ ከሚጫወተው ኳስ ተከለከለ።

ሊቫ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ጠዋት እናቷ እንደወጣች እድፉን ብቻ በሳሙና ፈተገችው። እድፉ ለቀቀ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን እንጨቱ ደርቆ፣ በጠረጴዛው መሃል ሰሃን የሚያህል ነጭ ክብ ጠበቃት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«አንቺ ነሽ ያጠብሽው፣ አይደል?» አለ ኤስኪል በሩን ተደግፎ። ነገ የማይጫወትበትን መለያ ለብሷል።

«ምን አገባህ!»

«እኔ ሳሙናው ያለበት መደርደሪያ ጋ አልደርስም እኮ። እማዬ ክቡን ስታይ ማን እንዳፈሰሰው ይገባታል።»

«ሙሉውን ሳጥበው ምኑ ይታያል? ጅሎ!»

ኤስኪል የመለያውን ጫፍ ቁልቁል እየጎተተ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሊቫ የሟሟውን ሳሙና ባልዲ ውስጥ ገልብጣ፣ ስፖንጁን ነክራ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጀመረች። ሥራው ቀላል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ካሸችው ሁሉም እኩል ይነጣል፤ ክቡም ይጠፋል። ማንም አያውቅም። ሁለት ጊዜ አሸችና እጇ ቆመ። ለኤስኪል የቀረለት ምስክር እኮ ይኸው ክብ ነው። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል አፈረች።

ከግቢው የእናቷ ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። አሁንም ቢሆን ብትፈጥን ትጨርሰዋለች።

ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው።

«ኤስኪል!» ብላ ተጣራች። «ና እስቲ፣ አጠገቤ ቁም።»

በሩ ሲከፈት እጆቿ ገና በሳሙና እንደተለወሱ ነበሩ።

«እማዬ፣» አለች፣ «ሙሉውን ሳላጥበው በፊት ነይ ክቡን እዪው።»