አምስተኛው ብዜት

መምህር ዓለምነው ከእርሻው የማሽላ መጋዘን ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ። ከኋላው ማጅራቱን ተመትቷል። ለምሳ ሊጠራው ሄዶ ሬሳውን ያገኘውና የጮኸው የትራክተር ሹፌሩ ጓንጉል ነበር።

በሱዳን ጠረፍ፣ ፋሽጋ ላይ፣ ክረምቱ ከብዶ ጎርፉ እርሻውን እንደ ደሴት ከቦታል። አሁን የቀሩት አራት ናቸው፦ ጓንጉል፣ ወጥ ሠሪዋ እናትነሽ፣ ገዳሪፍ ያደገው ወጣት ዛኪር፣ እና ኮከብ። ኮከብ ሳትሰደድ በፊት መተማ ላይ የፖሊስ መርማሪ ነበረች።

«ገዳዩም እንደኛው መውጫ የለውም» አለች ሬሳውን ሸፍና።

መምህሩ ጓደኞቹን ሒሳብ ማስተማር ይወድ ነበር። 142857ን በየቀኑ በተከታታይ ቁጥር እያባዛ የመጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ትናንት በአራት አባዝቶት ነበር። ዛሬ በሩ ላይ «142857 × 5 = 714258» ይላል።

«ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ በሩን ሲያጥበው አረፈደ» አላት ጓንጉል ኮከብን። «ይህን የጻፈው ካባራ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ካንቺ ጋር የትራክተሩን ጎማ ከጭቃ ሳወጣ ነበርሁ።»

እውነቱን ነው። ካባራ በኋላ ለየብቻቸው የነበሩት ዛኪርና እናትነሽ ናቸው።

ኮከብ ዛኪርን ለብቻው ጠራችው። «ይህን ቁጥር ታውቀዋለህ?»

«ወላሂ እንዴት አላውቀው! እስከ ስድስት ድረስ በፈለግሽው አባዢው፣ አሃዞቹ ተራቸውን አይለቁም። ክብ ናቸው፤ መነሻው ብቻ ይቀየራል። በሰባት ስታባዢው ግን ሁሉም ዘጠኝ ይሆናሉ።»

ቀጥሎ የተጠየቀችው እናትነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «እኔ እንኳን ቁጥር ልጽፍ ፊደልም አልለይ።»

ጓንጉል ተራው ሲደርስ ሳቀ። «ያው አሃዞቹ ይቀያየጣሉ፤ ሌላ አሃዝ አይገባም። ስንሰማው አልከረምንም?»

ኮከብ በከሰል ራሷ አባዛችው። ከዚያ ሁሉንም ትራክተሩ አጠገብ ሰበሰበች።

«ትክክለኛው 714285 ነው። በዚህ ክብ ከሁለት ቀጥሎ ስምንት ነው የሚመጣው፤ በሩ ላይ ግን አምስት ገብቷል። መምህሩ ይህን በእንቅልፉም አይስተውም። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ዛኪር ቢሆን ተራውን ያውቃል፤ እናትነሽ መጻፍ አትችልም። ደግሞስ ጽሑፉ ማንን ጠቀመ? እነሱን አስጠረጠረ፤ ካባራ በኋላ ከእኔ ጋር የነበረውን ግን ነፃ አወጣ። ጓንጉል፣ ዝናቡ ሳያባራ ገደልኸው፤ ለምሳ ልጥራው ብለህ ሄደህ ጻፍህና ጮኽህ።»

«በአንድ ቁጥር ሰው ላይ ይፈረዳል?»

«በቁጥር ብቻ አይደለም» አለች እናትነሽ። «ትናንት ከመምህሩ ጋር ስትጣሉ ሰምቻለሁ። ‹ጀልባ የምታስመጣው ዛኪርን ለአጋቾች ልትሸጠው ነው፤ እነግረዋለሁ› ሲልህ። ፈርቼ ዝም አልሁ። ወዴት እሮጣለሁ?»

ዛኪር ፊቱ አመድ መሰለ።

ጓንጉል ዘሎ ወደ ጎርፉ ሮጠ። ውኃው ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ደረቱን ዋጠው። ማንም አልተከተለውም። ኮከብ የትራክተሩ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ዳር የለም። ብዙ ቆመ። በመጨረሻም ጭቃው ውስጥ እግሩን እየጎተተ ተመለሰና ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ዘረጋላት።