በአቶ አሥራት ጋራዥ የተደረገ የመብራት ለውጥ

በሱሉልታ ከተማ፣ መኪና ገብቶበት በማያውቀው የአቶ አሥራት ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ዘመን እየጮኹ፣ እየተርገበገቡና የዝንብ ሬሳ እያጠራቀሙ ያገለገሉት የፍሎረሰንት መብራቶች በክብር ተሰናብተው በኤልኢዲ እንዲተኩ መወሰኑን ለመላው ኅብረተሰብ ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል። ውሳኔውን ያሳለፉት አቶ አሥራት ግን በምረቃው ላይ በሕይወት ሊገኙ አልቻሉም። የእንጨት ሥራቸውን በሚሠሩበት በዚያው ጋራዥ ወለል ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ግንባራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ተዘርረዋል።

ኢንስፔክተር ዱርሲቱ ከፖሊሶቿ ጋር ሊመሽ ሲል ደረሰች። መጀመሪያ ያገኘችው ሟቹን ሳይሆን ቀጣዩን ተረኛ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሞቲ ከግቢው የብረት በር ጋር በሽቦ ታስሯል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከአፉ የሚወርደው ደም ሸሚዙን ደረቱ ላይ አጣብቆታል። የሰፈሩ ሰው ድንጋይ ይዞ ከቦታል፤ «እርስዎ ይቅደሙ» በሚል ጨዋነት ማንም አልጀመረም። ትልቁን ድንጋይ የያዙት ሽማግሌው ኦቦ ዱቤ ናቸው።

«ምን አድርጎ ነው?»

«ገደለ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

«ማን አየው?»

«እኔ» አለ አንድ ሰው ብቻ። የሟች ሚስት ወንድም ወንዳፍራሽ ነው። ሰላም ልትለው እጇን ስትዘረጋ፣ ከማዕድ እንደተነሣ ሰው የእጁን አንጓ ሰጣት። በግቢው ውስጥ ግን የሚበላ ሰው አልነበረም።

«ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ‹መጣ!› ብሎ ሲጮኽ ጋራዡን ላበራ ገባሁ። መስኮት የለውም፣ ጨለማ ነው። ማብሪያውን ተጫንኩ። ያው እንደ ልማዱ አልያዝ አለ፤ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። በአንዱ ብልጭታ ሞቲ ብረት አንሥቷል። ፊቱን ልቅም አድርጌ ነው ያየሁት። በሚቀጥለው ጋሼ አሥራት ወድቋል። መብራቱ ቀጥ ብሎ ሲይዝ ይሄ ውሻ በጓሮ በር ወጥቷል!»

«እኛ ስንደርስ መብራቱ ጠፍቶ ነበር።»

«መልሼ አጠፋሁታ! እንዲያ ሆኖ ላየው አልቻልኩም።»

ሞቲ ደም ተፋ። «ዋቃዮ ቤካ! እግዜር ያውቃል! ሥራዬን ጨርሼ ሄጄ ነበር፤ ከቤቴ ነው ጎትተው ያመጡኝ!»

«ዝም በል፣ ከብት!» ጨዋነቱ አበቃና አንድ ድንጋይ በረረ። የሞቲ የትከሻ አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ዱርሲቱ ሽጉጧን አወጣች።

«ሁለተኛውን የሚወረውር ከጎኑ ይታሰራል። ኦቦ ዱቤ፣ ያንን ያስቀምጡት እንጂ፣ ወገብዎን ይጎዳዎታል።»

«ይዤው ልቆይ፣ ልጄ። ስታጣሪ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ ፀሐይ ደረቷን እየመታች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ዱርሲቱ ከጎኗ ቁጢጥ አለች።

«ባለቤትዎ ከሞቲ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ጠዋት ተጯጩኸዋል። አሥራት ‹አዲሱን መብራት ባላስቱን ሳታወጣ ክተት› ይለዋል፤ ይሄ ደግሞ ‹ባላስቱ ካልወጣ አልሠራም› ይላል።»

«ባላስት የሚሉት ያንን ከቱቦው ጀርባ ያለውን ከባድ ብረት ነው?»

«አዎ፣ ያ የሚጮኸው። መብራቱንም የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው አሉ።»

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

«አላየሁም። ወንድሜ ነው ያኔ ጠዋት ‹ሞቲ ተቆጥቶ ጥሎት ሄደ› ያለኝ።»

ዱርሲቱ የእጅ ባትሪ ይዛ ወደ ጋራዡ ገባች። የሟች አንድ ዓይን ከቦታው ወጥቷል፤ በእንጨት ፍቅፋቂው ላይ የፈሰሰው ደም ረግቶ ጥቁር ሆኗል። ጥጉ ላይ ጥቋቁር ብረቶች ተከምረዋል፤ አንዱ ግን ከክምሩ ርቆ ወድቋል፤ ፀጉርና ቆዳ ተጣብቆበት፣ የተቆረጠ ሽቦው እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ። ወደ ላይ አበራች። አሮጌዎቹ የመብራት ሳጥኖች እንዳሉ ናቸው፤ ነጫጭ ቱቦዎችም ተሰክተውባቸዋል። ከበሩ ጎን ያለው ማብሪያ አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። በላስቲኩ ላይ የተረጨው ደም እንደ ዶቃ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ፎቶም አነሣችው።

ከዚያ ሁሉንም አስገባቻቸው። ሞቲን ፖሊሶች ደግፈውታል፣ ወንዳፍራሽ ከእህቱ ጎን ቆሟል፣ ድንጋይ ያዡ ሕዝብ በሩን ሞልቶታል። ሬሳው ጨርቅ ለብሷል። ባትሪዋን አጠፋች፤ ድቅድቅ ሆነ። ማብሪያውን ተጫነች።

ጋራዡ ባንዴ ቦግ አለ።

«እንደምን አመሻችሁ!» አለ ሕዝቡ፣ መብራት ሲበራ እንዲህ እያለ አድጓልና፣ ድንጋዩን እንደያዘ። «አካም ኦልታን!» አሉ ኦቦ ዱቤ፣ ሬሳውን እያዩ። ወንዳፍራሽ ብቻ ሰላምታ አልሰጠም። አፉን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል።

«ምነው? የሚርገበገብ መስሎህ ነው?» አለችው ዱርሲቱ። አንቱታው ቀርቷል።

«እ... ከልማድ ነው የተናገርኩት።»

«በብልጭታ ፊቱን ለቅሜ አየሁ አልክ። በልማድ ፊት አይታይም። ሞቲ፣ ይሄ መብራት ከዚህ በፊት በርቷል?»

«አልበራም። ጋሼ ኋላ ‹በል እንዳልክ› ብለው እሺ አሉኝ፤ ባላስቶቹን አውጥቼ ኤልኢዲውን በዚያው ሳጥን ገጠምኩ። ስሄድ መብራት ገና አልመጣም።»

«አንተ ግን ጠባቸውን እንጂ ዕርቃቸውን አልሰማህም» አለች ወደ ወንዳፍራሽ ዞራ። «ቀና ብትልም ካልበራ አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው አይለይም። ደግሞ ማብሪያው አለ። ተጭኜ አበራሁ፣ ሞቲ ሲመታ አየሁ፣ መልሼ አጠፋሁ ብለሃል። ሲመታ የተረጨው ደም ማብሪያው ላይ ነበር፤ ስታጠፋው በጣትህ መጨፍለቅ ነበረበት። እኔ እስክነካው አንዲት ጠብታ አልተነካችም። ሞቲ ከሄደ በኋላ በበሩ በሚገባው ብርሃን ገባህ፣ ከወለሉ ያገኘኸውን ብረት አነሣህ። ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅክም። ባላስት ነው፣ ወንዳፍራሽ። ‹ብልጭ ድርግም› ባልክበት ሰዓት ባላስቱ የነበረው ጣሪያው ላይ ሳይሆን በአማችህ ግንባር ውስጥ ነው። ሰላም የከለከልከኝን እጅህን አሳየኝ።»

እጁን ዘረጋ፤ ለማሳየት ግን አልነበረም። ከክምሩ አንዱን ባላስት መንትፎ ወደ ሞቲ ፊት ሰነዘረ። ዱርሲቱ በሽጉጧ ሰደፍ ክርኑን መታችው፤ ክንዱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ጮኾ ወደቀ። የተከፈተውን መዳፉን የባላስት ሽቦ ቀድሞውኑ ተልትሎታል።

ሕዝቡ መዳፉን ለማየት ተጋፋ። ከዚያ ኦቦ ዱቤ፣ እንደ ማንኛውም ሚዛናዊ ሽማግሌ፣ ድንጋያቸውን ከሞቲ ወደ ወንዳፍራሽ አዞሩ።

«አስቀምጡት አልኩ!» ዱርሲቱ መሐል ገባች። አንዱ ፖሊስ ሞቲን ወደ መኪና ይዞት ወጣ፤ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ይቅርታ ያለው ግን የለም።

ፀሐይ በደሙ ውስጥ ተንበርክካ የወንድሟን አንገትጌ ያዘች።

«ወንዴ፣ ምን አድርጎህ ነው?»

ወንዳፍራሽ ክንዱን አቅፎ ግድግዳውን አየ።

«ተናገር! ባሌ ነው! ልወቅ እንጂ!»

«አልነግርሽም።»

«ለኔ እንኳ?»

«አልነግርሽም አልኩ።»